ውሃው እስኪጠራ

ታናሽ እህቴ ዛሬ ከእጮኛዋ ጋር ልትሄድ ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ክር ቀለም ስንነክር ኖረን፣ እኔን ብቻዬን ጥላ።

«ሂጂ፣ ማን ያዘሽ?» አልኳት። «ብቻ በዛፍ ቅርፊት የነከርነውን ቀይ ክር ውሃው እስኪጠራ አለቅልቂልኝ።» የሙያችን ደንብ ነው።

አለቀለቀች፣ ደፋች፣ ደግማ ቀዳች።

«እትዬ፣ አሁንስ?»

«ዓይን የለሽም? ገና ቀይ ነው።»

ሰባተኛው ባልዲ ላይ ክሩ ነጥቶ ጭራሽ እንዳልተነከረ ሆነ። ውሃው ግን እንደ መጀመሪያው ቀይ ነው። እጇ እስከ ክርኗ ነጥቷል፤ ከንፈሯም እንደዚያው።

«እትዬ፣ ክሩ እኮ ለቆ አልቋል። ታዲያ ይሄ ቀለም ከየት ነው የሚወጣው?»

እኔም ማየቱን አይቻለሁ። ግን ቃሌ አንዴ ከአፌ ወጥቷል።

«እኔ ምን አውቄ? ውሃው ይጥራ ብያለሁ» አልኳትና ስምንተኛውን ባልዲ አቀረብኩላት።