የዋንዛ ቅርንጫፍ

ከወጨጫ የወረደው ጉም ሰበታን ሸፍኗት ነበር። ዕድላዊት በሯን ስትከፍት አከራይዋ ኦቦ ሶያማ የዋንዛ ቅርንጫፍ በሩ ላይ ሲያስሩ አገኘቻቸው። የመጤ ቤት ነው ብለው ምልክት የሚያደርጉባት መሰላት።

«እንድወጣ ከፈለጉ በአፍዎ ይንገሩኝ እንጂ!» አለች።

«ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ ልጄ። መንግሥትን የሚቃወሙት ሰልፈኞች ቅጠል ያለበትን በር አይነኩም። አንቺ ከሸገር የመጣሽ አማራ ነሽ፤ ገዢውን ፓርቲ ነው የመረጠችው ይሉሻል።»

«እርስዎም እንደዚያ ያስባሉ?»

ሽማግሌው ቋጠሮውን አጠበቁት። የሰልፉ ዘፈን ከውኃ በታች እንደሚመጣ ድምፅ በጉሙ ውስጥ ቀስ እያለ ይቀርብ ነበር።

«አዎ፣ አስባለሁ።»

«እኔ እኮ በግንቦቱ ምርጫ ተቃዋሚውን ነው የመረጥኩት።»

እጃቸው ባለበት ቆመ። ጉሙ በጣቶቻቸው መሀል ያልፍ ነበር።

«ገዢውን ፓርቲ የመረጥኩት እኔ ነኝ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ማዳበሪያ እንዳይከለክሉኝ ፈርቼ። አሁን መሬቴን ለሸገር ማስፋፊያ ፕላን ሊወስዱት ነው። ሴት ልጄ ከሰልፉ ፊት ናት፤ እነሱን መምረጤን አታውቅም።»

ዕድላዊት ገብታ ሁለት ዱካ አወጣች፤ ደጃፉ ላይ አብረው ተቀምጠው ሰልፉ እስኪያልፍ ጠበቁ።