የእጅ አንጓ

በለጥሻቸው የመካኒክነት ብቃት ምዘናውን ማለፏን ሰምታ አብነት ሰፈር ወዳለው ጋራዥ ስትመለስ፣ ሥራ ያስተማሯት ጋሼ ይገረም ከመኪና ሥር ወጡ።

"አለፍሽ?"

"አለፍኩ፣ ጋሼ።"

"በቃ፣ ትልልቆቹ ድርጅቶች ይሻሙብሻል" አሉና ሳቅ ብለው፣ ግራሶ የነካ መዳፋቸውን ወደ ታች አጥፈው የእጃቸውን አንጓ ዘረጉላት። ጋሼ አንጓቸውን የሚሰጡት እጁ ንጹሕ ለሆነ ደንበኛ ነበር፤ ለእሷ ሁሌም መዳፋቸውን ነው። አሁን እንደ እንግዳ ሊሸኟት ነው።

አንጓውን አልጨበጠችም። ውጤት ለማየት ብላ በኦሞ ፈትጋ ያነጻችውን እጇን አጠገባቸው ያለው የግራሶ ጣሳ ውስጥ ከተተችና ዘረጋችላቸው።

"ምን ማለትሽ ነው፣ አንቺ ልጅ?" እያሉ መዳፏን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ቶሎም አልለቀቁትም።

"ፍሬኑ የሚፈታው የትኛው መኪና ነው?" አለች።