የእትዬ ሳንጊያም ስለት

ቅዳሜ ጠዋት የታይላንዷ ራቻቡሪ ከተማ ገበያ ዓሣና ጎመን ከመሸጡ በፊት የቴሌቪዥን ድራማ ያማል። አርብ ማታ የታየው ክፍል ጥሩ ከሆነ ገበያው ይጮኻል፤ ካልሆነ ያዛጋል። የዛሬው የሚያዛጋ ነበር።

«ኬሶን አለቀሰች እኮ!» አለች አትክልት ሻጯ ማሊዋን፣ ጎመኗ ላይ ውሃ እየረጨች። «ያቺ እባብ! ተንበርክካ ይቅርታ ጠየቀች። አንጀቴን በላችው።»

«ያንቺ አንጀት ደግሞ ቶሎ ነው የሚበላው!» እትዬ ሳንጊያም ቢላዋዋን በግራ እጇ ይዛ የዓሣ ሆድ ትሰነጥቅ ነበር። ደሟ ፈልቷል። «የሰው ባል የቀማች፣ አማቷን ከደረጃ የገፈተረች ሴት ታለቅሳለች? ደራሲውን ምን ነካው?»

«ጋዜጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነጭ ለብሳ ገዳም ትገባለች ይላል» አለ ሾርባ ሻጩ ጋሽ ቡንሎም። «ከዚያ በኋላ ድራማው ውስጥ የለችም። ግልግል ነው።»

«ማን አባቱ ነው የሚያስገባት! እስከ መጨረሻው ትቆያለች! የትም አትሄድም!»

እትዬ ሳንጊያም ወደ ገበያው ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም፤ ኬሶንን እንደ እሷ የሚጠላ ግን የለም። ሌላው ዝም ሲል እንኳ «ምነው አፋችሁን ምን ያዘው?» እያለች ታሰድባታለች። ተዋናይቷ በዚህ ካለፈች ፊቷን ልትመታበት በየሳምንቱ አንድ የገማ ዓሣ ለይታ ታስቀምጣለች። «ሌላ ሰው እንዳይነካት» ትላለች፣ «የእኔ ድርሻ ናት።»

የዚያን ዕለት ቴሌቪዥን ጣቢያው ጋ ደወለች። «ያቺን ሴት ካሳረፋችኋት ቴሌቪዥኔን ወንዝ ነው የምከተው!» ብላ ጮኸች። ማሊዋንንም አስደወለቻት። ከዚያ ገበያው በር ላይ ካለችው፣ የጠባቂው መንፈስ ማደሪያ ከሆነችው ትንሽ ጎጆ ፊት ለመንፈሱ ቀይ ለስላሳ አስቀምጣ ተንበረከከች። ኬሶን ገዳም ካልገባች አንድ ቅርጫት የተቀቀለ እንቁላል ልታመጣ ተሳለች።

«ወይ ጉድ፣ ጥላቻም እንዲህ አለ?» አለች ማሊዋን።

በሚቀጥለው አርብ ኬሶን ገዳሙ ደጃፍ ላይ ከመኪና ወረደች። ነጩን ልብስ ወንዝ ውስጥ ወረወረችና ቤቷ ተመልሳ አማቷን በጥፊ አጮለቻት።

ቅዳሜ ገበያው ቀውጢ ሆነ። «ደግሞ በግራ እጇ!» አለች ማሊዋን ጉንጯን ይዛ። «እኔን የመታችኝ ነው የመሰለኝ!» ጋሽ ቡንሎም ከንዴቱ ብዛት የደንበኛውን ሾርባ በጨው መረዘው። ሁሉም የሚቀጥለው አርብ ራቀበት።

እትዬ ሳንጊያም ከሁሉም በላይ ጮኸች። ተራገመች፣ ደረቷን ደቃች፣ ከዚያ የእንቁላል ቅርጫቷን አንጠልጥላ ወደ መንፈሱ ጎጆ ሄደች። ማሊዋን ተከተለቻት።

«ኧረ እትዬ፣ ይቺ ክፉ ሳትቀጣ ለምኑ ነው ስለቱ?»

«ስለት ስለት ነው» አለች እትዬ ሳንጊያም፣ ቅርጫቱን እያስቀመጠች።

አንዲት ባርኔጣና የአፍ መሸፈኛ ያደረገች ወጣት ከሞተር ወርዳ አጠገባቸው ተንበረከከች። ማሊዋን ዓይኖቿን አየች። እነዚያን ዓይኖች በየሳምንቱ አርብ ታያቸዋለች።

«እሷ ናት! እትዬ፣ እንዳትለቂያት! ዓሣሽን ላምጣ!»

ሮጣ ሄደች፤ የገማውን ዓሣ በጭራው ይዛ እያለከለከች ተመለሰች። ወጣቷ መሸፈኛዋን አውርዳ በግራ እጇ እንቁላል ትልጣለች።

«እማዬ» አለች አፏን ሞልታ፣ «ዛሬስ በደንብ ሰደቡኝ?»