የረድኤት ምርቃት ማታ

ፎቶ ማንሳት ድሮ አባባል ብቻ ነበር። እነዚህ ካሜራዎች ከመጡ ወዲህ ግን እውነትም ከሰው ልብ ያነሳሉ፤ ፎቶውን ያነሳው ሰው ያንን ሰዓት ከነጭራሹ ይረሳዋል። ማታ ማታ ደሴ ፒያሳ መብራት ሥር ሙሽራና ተመራቂ ስታነሳ የኖረችው ዘርፌ፣ ስንቱ ማታ ከራሷ ወጥቶ እንደቀረ እሷም አታውቀውም።

ዛሬ ጋዋን ለብሳ መብራቱ ሥር የቆመችው የገዛ ልጇ ረድኤት ናት።

«እማዬ፣ በናትሽ አንሺኝ! ሌሎቹ አንሺዎች እንደሆኑ ገብተዋል።»

«ደክሞኛል።»

«ለሰው ሲሆን አይደክምሽም!»

ዘርፌ ካሜራውን ከፍ አደረገችና መልሳ አወረደችው። ቤቷ ግድግዳ ላይ ረድኤት የወለቀ ጥርሷን ጣራ ላይ ስትወረውር የተነሳችው ፎቶ አለ። ያነሳቻት ራሷ ዘርፌ ናት። እንግዳ መጥቶ ሲጠይቅ ግን ታሪኩን የምታወራው ረድኤት ናት፤ ዘርፌ የጎረቤት ልጅ ወሬ እንደሚሰማ ሰው ከእንግዳው ጋር አብራ ትስቃለች።

«አላነሳሽም» አለች።

«ፎቶ የሌለው ምርቃት! ሰው ምን ይለኛል?»

«ያሻውን ይበል!»

ካሜራውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ልጇ ፊት ሄዳ ቆመች። ቆቧን አቃናችላት። ከዚያ ዓይኗን ሳትነቅል የተኮሳተረ ግንባሯን፣ ብርድ ያቀላውን አፍንጫዋን ታይ ጀመር።

«ኧረ እማዬ፣ ምን ያስፈጥጥሻል?»

«ዝም ብለሽ ቁሚ፤ ለራሴ ላስቀምጥሽ ነው።»