የመዲና ተራ

ሙቀቱ ከከፋ ወዲህ ሰመራ ውስጥ ሰው እንቅልፍ የሚወስደው በማሽን በሚቀዘቅዘው አዳራሽ ብቻ ነው፤ እሱም በተራ። ያዮና ሚስቱ መዲና ከተጋቡ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ የደረሳቸው አንድ አልጋ ነው፤ ጠዋት እሷ ትተኛበታለች፣ ከሰዓት እሱ። ሲቀያየሩ በሩ ላይ ቆመው ትንሽ ያወራሉ።

ያን ቀን መዲና በሩ ላይ አልነበረችም። ያዮ ሲገባ እንደተኛች አገኛት። የአዳራሹ ጠባቂ እትዬ አስካለ ልትቀሰቅሳት ስትል እጇን ያዛት።

«ተያት እትዬ። ትናንት በዚያ ፀሐይ ውሃ ስትሸከም ነው የዋለችው። በእኔም ተራ ትተኛበት።»

«አንተስ? ዓይንህ ደም መስሏል እኮ!»

«እኔ እችለዋለሁ።»

ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ድረስ ሳበላትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስትተኛ እንዲህ ታምራለች ለካ፣ ብሎ ደስ አለው። እንዳትነቃበት ፈርቶ አልነካትም።

አመሻሹ ላይ እትዬ አስካለ መጥታ የመዲናን ግንባር ዳሰሰችና ጮኸች።

«ያዮ፣ ሞታለች እኮ! ከሞተች ቆይታለች! አጠገቧ ተቀምጠህ እንዴት አላወቅህም?»

ያዮ የሚስቱን ፊት ትክ ብሎ አየ።

«ተኝታ አይቻት አላውቅማ፣ እትዬ» አለ።