የጠዋቱ ወረቀት

ኢስክራ በተወለደች በአምስተኛ ቀኗ ሞተች።

አባቷ ቪዶዬ የሚሠራው እዚያው በተወለደችበት ሆስፒታል፣ የቀዶ ጥገና ዕቃ በእንፋሎት ከጀርም በሚጸዳበት ምድር ቤት ነው። ቅዳሜ ረፋድ ስትወለድ ባልደረቦቹ ልጅ ለተወለደለት አባት እንደሚደረገው ወግ ሸሚዙን ላዩ ላይ ቀደው ቁርጥራጩን ወደ ጣሪያ ወረወሩ። ሰማያዊ ነበር፤ ሚስቱ ሰማያዊ ክር አጥታ የእጅጌውን ቁልፍ በቀይ የሰፋችለት።

«ቁርጥራጩን ጠራጊዋ እኔ ነኝ እኮ!» አለች ባልደረባው ራዶይካ። ለጡረታዋ ሦስት ወር ቀርቷታል፤ ቀልድ አያልቅባትም። «ሸሚዝህ ይሄን ያህል ካቆሸሸ ልጅህ ምን ልታደርግ ነው?»

ቪዶዬ ከወገቡ በላይ ራቁቱን፣ እየሳቀ፣ የመጨረሻውን ዕቃ ጭኖ በሩ ተከፍቶ የቆየውን የእንፋሎት ማሽን ዘጋ።

እሑድ የሕፃኗ አንጀት ተጠማዞ ተገኘ። በዚያው ዕቃ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ቁስሉ አመረቀዘ።

ከዕቃው ጋር ጀርም ያለበት መፈተሻ ብልቃጥ ወደ ማሽኑ ይገባል። ጀርሙ ካልሞተ ቢጫ ይሆናል፤ ውጤቱ ግን ሁለት ቀን ይፈጃል። ሰኞ ማለዳ ብልቃጡ ቢጫ ሆኖ ተገኘ። ማሽኑ ታሸገ።

ሁሉም ወደ ራዶይካ ዞረ። በየማለዳው ባዶውን ማሽን በወረቀት የምትፈትነው እሷ ናት። አየሩ በታች በኩል ተስቦ ካለቀ ወረቀቱ እኩል ይጠቁራል። የቅዳሜው ጠቁሯል፤ ፈርማበታለች።

«እትዬ ራዶይካ፣ ቅዳሜ ሳትፈትኚ የቆየ ወረቀት ነው ያያያዝሽው» አላት ቪዶዬ ከቀብር ሲመለስ።

«በልጅህ አፈር! በማለዳ ፈትኛለሁ። እንደ ከሰል ነው የጠቆረው።»

«ታዲያ ጀርሙ እንዴት ተረፈ?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ።»

«‹ሠላሳ ዓመት የማውቀውን ማሽን ወረቀት ሊነግረኝ ነው?› ስትይ አልነበር?»

«ስቀልድ ነው…» አለች።

የክፍሉ ኃላፊ የራዶይካ ስም የተጻፈበትን ክስ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ከፈረምክ ዛሬውኑ ትባረራለች። ከዚያ ፍርድ ቤት።»

«ማሽኑን የሚጠግነው ሰው መቼ ይመጣል?»

«ነገ። እስከዚያ ማሽኑን አጽዳለት።»

ቪዶዬ ፈረመ። የማሽኑን እሽግ ቀደደ፤ በሩን ከፈተ፤ ጎንበስ ብሎ አየሩ የሚሳብበትን የታችኛውን ማውረጃ ወንፊት ፈታ። ሰማያዊ ጨርቅ ወትፎታል። ጎትቶ አወጣው፤ የእጅጌው ቁልፍ በቀይ ክር ተሰፍቷል።

ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ የራዶይካን ስም ሰረዘና በላዩ የራሱን ጻፈ።