ባዶው ትራስ

ሚስቱ ከጃፓን በቪዲዮ ስትደውል እሱ ንሳምብያ ሰፈር ባለው ሱቁ ውስጥ ነበር፤ አንጀቱ ካረረ ቆይቷል። አብረው ሊሄዱ ሲዘጋጁ ከርመው ቪዛ የተከለከለው እሱ ብቻ ነው። «አንቺስ ለምን ትቀሪያለሽ፣ ሂጂ» ያላት ራሱ ስለነበር በማን ይናደድ?

«ባቡሩ እኮ አንዴ እንኳን አልተንገጫገጨም» አለችው። እሱን ጠዋት ከቤቱ ከሙየንጋ ያመጣው ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ሳይክሉ፣ አንድ ጉድጓድ አልማረም ነበር።

«ጥሩ ነዋ» አላት።

ስልኩን አዙራ ያረፈችበትን የእንግዳ ቤት ክፍል አሳየችው። አልጋ የለውም። ሰሌኑ ላይ ሁለት ፍራሽ ጎን ለጎን ተነጥፏል። «ብቻዬን ነው የመጣሁት ብላቸውም ለሁለት አነጠፉ።»

«ታዲያ አንዱን አጥፈሽ አታነሺውም?» ሳያስበው ጮኸባት።

እሷ ስልኩን ባዶው ትራስ ላይ አስደግፋ፣ ጉንጯን የራሷ ትራስ ላይ አሳርፋ ፊት ለፊት አየችው።

«ጫማህን አውልቅ» አለችው ቀስ ብላ። «እዚህ ቤት በጫማ አይገባም።»

በር ላይ ደንበኛ «ሴቦ፣ ሴቦ»፣ ጌታው፣ ጌታው እያለ ይጣራል። የሚመልስላት ክፉ ቃል አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። ባንኮኒው ስር ጎንበስ አለና የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።